አጥንቱ ገጥሟል፤ እግሩስ? ከቁርጭምጭሚት ስብራት በኋላ ወደ ስፖርት ስለመመለስ

ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ጄሶ የታሰረለት ስፖርተኛ፣ ሕመሙ ጋብ እንዳለለት ለሐኪሙ የሚያቀርበው ጥያቄ «መቼ እጫወታለሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀን የሚጠይቅ በመሆኑ መልሱም እንደ ቀጠሮ ይጠበቃል፤ ስድስት ሳምንት፣ ሦስት ወር፣ ከፋሲካ በኋላ። ነገር ግን በዚህ አንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው የተሰበረው አጥንት ገጥሟል ወይ የሚለው ሲሆን፣ እርሱን የሚመልሱት ጊዜ፣ የሐኪሙ እጅና ራጅ ናቸው። ሁለተኛው እግሩ ሩጫን፣ ዝላይንና ድንገተኛ መታጠፍን ሊሸከም ተዘጋጅቷል ወይ የሚለው ነው፤ ይህኛው በራጅ ላይ አይታይም፣ የሚታወቀው እግሩን በመለካትና በመፈተን ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የተገኘውን መልስ ለሁለተኛውም እንደ ተሰጠ አድርጎ መውሰድ፣ ሊድን የተቃረበን እግር ዳግም የሚያስጎዳ ስሕተት ነው።

ቀን ብቻውን ምን ያህል ደካማ መለኪያ እንደ ሆነ ለማየት፣ የእንግሊዝን ሊግ የሚከታተል የጎንደር ወጣት የሚያውቃቸውን ሦስት ተጫዋቾች ማስታወስ ይበቃል። የአርሰናሉ ኤድዋርዶ ዳ ሲልቫ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 ከበርሚንግሃም ሲቲ ጋር በተደረገ ጨዋታ ቀጭኑ የእግሩ አጥንት ተሰብሮ ቁርጭምጭሚቱም ወልቆ ከሜዳ ወጣ፤ ለዋናው ቡድን ተመልሶ የተሰለፈው አንድ ዓመት ሊሞላው ሳምንት ሲቀረው ነበር፣ በዚያም ቀን በካርዲፍ ሲቲ ላይ ሁለት ግብ አስቆጠረ። የማንቸስተር ዩናይትዱ አንቶኒዮ ቫሌንሲያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2010 በሬንጀርስ ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ በማርች 2011፣ ማለትም በስድስት ወር ገደማ ተመለሰ። የኤቨርተኑ አንድሬ ጎሜዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2019 በቶተንሃም ጨዋታ ተጎድቶ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2020 ከአርሰናል ጋር ተቀይሮ ገባ፤ ይህ 112 ቀን ነው። ሦስቱም ባለሙያ በየቀኑ የሚከታተላቸው፣ ከማገገም ሌላ ሥራ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ በፈጣኑና በዘገየው መካከል ሦስት እጥፍ ልዩነት አለ። «ጎሜዝ በአራት ወር ተመልሶ የለም እንዴ?» ብሎ የሚከራከር ጓደኛ አይጠፋም፤ ኤድዋርዶን የሚጠቅስ ግን እምብዛም አይገኝም።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት የመጋጠሚያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ቁርጭምጭሚት የሦስት አጥንቶች መገናኛ ነው። ሁለቱ ከጉልበት በታች ጎን ለጎን ወርደው የሚመጡ ናቸው፤ ወፍራሙ በውስጥ በኩል፣ ቀጭኑ በውጭ በኩል ይገኛል፣ በቁርጭምጭሚታችን ግራና ቀኝ በእጅ የሚዳሰሱት ሁለት ጉብታዎችም የእነዚህ አጥንቶች ጫፎች ናቸው። ሦስተኛው አጥንት ከተረከዝ አጥንት በላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ ሁለቱ ጫፎች እንደ ጉጠት አፍ ግራና ቀኝ ይዘውት እግር ወደ ላይና ወደ ታች እንዲታጠፍ ያደርጋሉ። የጉጠቱ ሁለት ክንዶች እንዳይላቀቁ በመካከላቸው ጠንካራ ጅማት ያስራቸዋል። መጋጠሚያው ለትንሽ መዛነፍ እንኳ ቦታ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመው የራምሴይና የሃሚልተን ጥናት እንዳሳየው፣ በጉጠቱ መካከል ያለው አጥንት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ቢንሸራተት አጥንቶቹ የሚነካኩበት ስፋት በ42 በመቶ ይቀንሳል። ክብደቱ ያው ሆኖ የሚያርፍበት ስፋት በዚህን ያህል ሲጠብ፣ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ከዓመታት በኋላ ይበላል። አንዳንዱ ስብራት በጄሶ ብቻ የሚታከመው፣ ሌላው ግን በፕሌትና በብሎን የሚታሰረው ይህችን ሚሊ ሜትር ለመጠበቅ ነው።

ሐኪሞች የውጭውን አጥንት ስብራት ዌበር ኤ፣ ቢ እና ሲ ብለው ይከፍሉታል፤ መለያውም ስብራቱ ክንዶቹን ከሚያስረው ጅማት በታች ነው፣ በእርሱ ትክክል ነው ወይስ ከእርሱ በላይ ነው የሚለው ነው። ኤ ብዙውን ጊዜ የተረጋጋ ስለሆነ፣ ሕመሙ እስከፈቀደ ድረስ ቶሎ እንዲረግጡበት ይፈቀዳል። ቢ በሁለቱም በኩል ሊወድቅ የሚችል ነው፤ የውስጡ ጅማት ወይም አጥንት አብሮ ከተጎዳ መጋጠሚያው ይናጋል። ሲ አብዛኛውን ጊዜ ጅማቱንም ስለሚበጥስ ቀዶ ሕክምናንና ረጅም ትዕግሥትን ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለት የአንድ ሰፈር ልጆች በአንድ ሳምንት «ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ» አንዱ በሦስተኛው ወር ሲሮጥ ሌላው ገና በምርኩዝ ቢሄድ፣ ሁለተኛው ሰነፍ ወይም ፈሪ ስለሆነ አይደለም። ታካሚው ከሐኪሙ ዘንድ ሳይወጣ ሊጠይቃቸው ከሚገቡ ነገሮች አንዱ የእርሱ ስብራት የትኛው ዓይነት እንደ ሆነና መጋጠሚያው የተረጋጋ መሆን አለመሆኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስብራቱ ስብራት መሆኑ መታወቅ አለበት። ቁርጭምጭሚት ሲጎዳ በአገራችን የሚቀድመው ቃል «ወለምታ ነው» የሚለው ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። በካናዳዋ ኦታዋ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው መመሪያ ግን ለማንም የሚገባ መለያ ይሰጣል፦ የተጎዳው ሰው ወዲያው እንደ ተጎዳም፣ በኋላ ሲመረመርም አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም ከሁለቱ ጉብታዎች የአንዱ ጫፍ ወይም የኋላ ጠርዝ ሲጫን አጥንቱን የሚያመው ከሆነ ራጅ ያስፈልገዋል። ራጅ ሳይነሳ የታሸ ስብራት፣ ያችን ሚሊ ሜትር በእጅ የመግፋት ያህል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ ሳይነገር አይታለፍም። ወጌሻ በማኅበረሰባችን የተከበረ ሙያ ያለው ሰው ነው፣ ሐኪም ቤት በራቀበት አገር የብዙዎች መጠጊያ ሆኖ ኖሯል፤ እርሱን ማጣጣል የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ነገር ግን ያበጠ እግር በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ሲታሰር እብጠቱ መውጫ ያጣል፣ ደም ወደ ጣቶች መድረሱን ያቆማል፣ ከዚያም ሥጋው ይሞታል፤ በኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠሩ የአጥንት ሐኪሞች በዚህ ምክንያት ስለሚቆረጡ እግሮችና እጆች ደጋግመው ጽፈዋል። በጄሶም ይሁን በቀርከሃ፣ የታሰረ እግር ጣቶቹ ከጠቆሩ ወይም ከገረጡ፣ ከደነዘዙ፣ ሕመሙም በእረፍት ከማገገም ይልቅ ሰዓት በሰዓት እየባሰ ከሄደ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።

አጥንት ሲገጥም የሚሆነው እንዲህ ነው። በተሰበረው ቦታ የፈሰሰው ደም ረግቶ መነሻ ይሆናል፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እርሱን ተክቶ ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፤ ይህም በሚቀጥሉት ሳምንታት ካልሲየም እየገባበት ይጠነክራል። ጄሶ ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ የሚፈታው ድልድዩ የመራመድን ክብደት የሚችልበት ጊዜ በመሆኑ ነው። ሥራው ግን በዚያ አያልቅም፤ አጥንቱ ለሚያርፍበት ኃይል እንደሚስማማ ራሱን እየጠረበ የሚያስተካክለው በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ነው። የሚያስተካክልበትም መመሪያ ጭነቱ ራሱ ስለሆነ፣ በልክ የተጫነ አጥንት ይጠነክራል፣ ጨርሶ ያልተጫነ ይሳሳል፣ ከልክ በላይ የተጫነም ይሰነጠቃል። «ልጄ አትርገጥበት» እያሉ ሐኪሙ ከፈቀደበት ቀን በኋላም ለወራት አልጋ ላይ የሚያስተኙ እናቶች፣ ከፍቅር የተነሣ ቢሆንም፣ አጥንቱ የሚፈልገውን ነገር ይነፍጉታል።

ጄሶ አጥንትን ሲጠብቅ ሌላውን ሁሉ ያስከፍላል። ባት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይከሳል፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ወስዶ የሁለቱን እግሮች ባት ዙሪያ፣ ከጉልበት እኩል ርቀት ላይ መለካት ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። የመጋጠሚያው ሽፋን ይኮማተራል፣ ጅማቶች ይደርቃሉ። ጄሶው በተፈታበት ቀን ቆዳው ተላልጦ፣ እግሩ ቀጥኖና እንደ ጣውላ ደርቆ የሚያይ ወጣት ይደነግጣል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ወደ ማታ የሚመጣ እብጠትና የጠዋት ድርቀትም ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ፣ ብቻቸውን የመክሸፍ ምልክት አይደሉም። በዚህ ጊዜ «እንዲላቀቅ» ተብሎ በጉልበት የሚደረግ ማሸትና መጠምዘዝ ግን ሊጎዳ እንጂ ሊያፋጥን አይችልም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም፣ ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን በመሆኑ በከተማዋ ሙያው እንግዳ አይደለም። ሆኖም ከዳባት፣ ከደባርቅ ወይም ከደምቢያ በሳምንት ሦስት ቀን መመላለስ ለብዙዎች አይቻልም፣ ለከተማው ነዋሪም ቢሆን ባለሙያው የሚያየው ጊዜ ከቀኑ ጥቂቷን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የሚነገሩት መለኪያዎች ግድግዳ፣ ደረጃና ሜትር ብቻ የሚጠይቁት ተመርጠዋል። ባለሙያውን አይተኩም፤ በሁለት ቀጠሮ መካከል ያለውን ጊዜ ግን ከግምት ያወጣሉ።

የመጀመሪያው መታጠፍ ነው። ሐኪሙ እንቅስቃሴ ከፈቀደ በኋላ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ተቀምጦ በአውራ ጣት ጫፍ አየር ላይ ፊደል መጻፍ በየአቅጣጫው ለማላላት ጥሩ ልምምድ ነው፤ ከሀ እስከ ፐ ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ 33 ፊደል ስለሆነ ለአንድ ዙር ይበቃል። ስፖርተኛውን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን እግርን ወደ ላይ የማጠፍ፣ ማለትም ጉልበትን ከጣቶች በላይ አሻግሮ የማቅረብ እንቅስቃሴ ነው። የሚለካውም እንዲህ ነው፦ በባዶ እግር ከግድግዳ ፊት ቆሞ፣ ተረከዝ ከመሬት ሳይነሣ ጉልበትን ግድግዳው ላይ ማስነካት፤ ከቻሉ እግሩን ትንሽ ወደ ኋላ ማራቅና መድገም። ተረከዝ ሳይነሣ ጉልበት የሚደርስበት የመጨረሻው ቦታ ላይ ከአውራ ጣት እስከ ግድግዳ ያለው ርቀት በሴንቲ ሜትር ይመዘገባል፣ ከጤነኛው እግርም ጋር ይነጻጸራል። አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ 3.6 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ ማለት ነው። ልዩነቱ አራትና አምስት ሴንቲ ሜትር እያለ የሚሮጥ ሰው፣ ያጣውን መታጠፍ ከጉልበቱ ወይም ከወገቡ ይበደራል፤ ብዙ «አዲስ» የጉልበት ሕመም መነሻው ይህ ነው።

ጎንደር በዚህ ረገድ ከባድ መምህር ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በኮረብታና በሸለቆ ተዘርግታ የተሠራች፣ መንገዷም በብዙ ቦታ ኮብልስቶን የሆነች ከተማ ስለሆነች፣ የደረቀ ቁርጭምጭሚት ያለው ሰው ጉድለቱን ሳይለካም ይረዳዋል። ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት ሲወጣ ተረከዙ ከመሬት ቀድሞ ይነሣል። ደረጃ ሲወርድ ደግሞ፣ ብዙዎች መውጣት ብቻ የሚከብድ ይመስላቸዋል እንጂ፣ ከኋላ የቀረው እግር ሰውነትን ዝቅ ለማድረግ በጣም መታጠፍ ስላለበት መውረዱ የባሰ ይሆናል። የተጎዳው እግር ከላይኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ሌላው እግር በቀስታ ወደ ታች መድረስ እስኪችል ድረስ ለሩጫ መቸኮል አይገባም።

ሁለተኛው ብርታት ነው። ባት በሩጫ ጊዜ ከሰውነት ክብደት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይሸከማል፤ ስለዚህ ቆሞ ተረከዝን ማንሣት የዚህ ሁሉ ማዕከል ነው። በመጀመሪያ በሁለት እግር፣ ግድግዳ ተደግፎ፤ ቀጥሎ በሁለት እግር ተነሥቶ በተጎዳው ብቻ መውረድ፤ በመጨረሻም በተጎዳው እግር ብቻ መነሣትና መውረድ። ጤናማ ወጣት በአንድ እግሩ 25 ጊዜ ያህል ሳያርፍ ማንሣት እንደሚችል ይታሰባል። ቁጥሩን ለመድረስ ሲባል ተረከዙ ግማሽ ብቻ እየተነሣ፣ ጉልበትም እየታጠፈ የሚቆጠር ቁጥር ራስን ማታለል ነው፤ አሥር ሙሉ ከሃያ ጎደሎ ይሻላል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚረሳው ነው፤ ሚዛን። መብራት በጠፋበት ሌሊት ከቤታችን ደጃፍ ያለውን ደረጃ ሳናይ የምንወርደው፣ በጅማቶችና በጡንቻዎች ውስጥ ያሉ ነርቮች እግራችን የት እንዳለና እንዴት እንደ ዘመመ ለአንጎል ስለሚነግሩት ነው። ስብራትና ረጅም እስር ይህን መልእክት ያደነዝዙታል። አጥንቱ ገጥሞ፣ ባቱ በርትቶ ሳለ እግሩ ጠጠር ላይ ሲያርፍ ቶሎ የማይመልስ ተጫዋች፣ የጎደለው ይህ ስሜት ነው። ልምምዱ ቀላል ነው፦ ጥርስ ሲቦረሽ በተጎዳው እግር ብቻ መቆም፤ ያ ሲለመድ ዓይንን ጨፍኖ፤ ያ ሲለመድ በተጣጠፈ ጋቢ ላይ ቆሞ፤ በመጨረሻም በአንድ እግር ቆሞ ከጓደኛ ጋር ኳስ መቀባበል። ዓይን ተጨፍኖ ሁለቱ እግሮች የሚቆሙበት ሰከንድ መቀራረብ አለበት። ውሃ ውስጥ የሚደረግ እንቅስቃሴም በየመጽሐፉ ይመከራል፤ ምን ያደርጋል፣ በጎንደር ስሙ የገነነው የፋሲለደስ መዋኛ ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው!

ሩጫ የሚጀመረው ሰላሳ ደቂቃ በፍጥነት ሳያነክሱ መራመድ ከተቻለና ሐኪሙ ስብራቱ መግጠሙን ካረጋገጠ በኋላ ነው። ይህ ለቀላል ስብራት በሦስተኛው ወር አካባቢ ሊሆን ይችላል፣ ለከባዱ ይዘገያል። አጀማመሩም አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ይህንኑ ስምንት ጊዜ ያህል በመድገም፣ ቀን እየዘለሉ ነው። ቦታው ቢቻል ሜዳማ ይሁን፤ አውሮፕላን ማረፊያው ካለበት ከአዘዞ ወገን ደልዳላ መሬት ማግኘት ከመሃል ከተማው ይልቅ ይቀላል። ርዝመትን፣ ፍጥነትንና ዳገትን በአንድ ሳምንት ውስጥ አብሮ መጨመር አይገባም፤ አንዱ ሲጨመር ሁለቱ ባሉበት ይቆያሉ። በክረምት ደግሞ ጭቃው ያንሸራትታል፤ የሩጫው ሳምንት ሐምሌ ላይ ከወደቀ፣ በቤት ውስጥ የማይንቀሳቀስ ብስክሌትን ማስቀደም ከፍርሃት የሚቆጠር አይደለም።

ጭነቱ ልክ መሆን አለመሆኑን የሚነግረው ሕመም ነው፣ ቋንቋውን ለሚያውቅ። ከዜሮ እስከ አሥር ቢለካ እስከ ሦስት የሚደርስ፣ በልምምዱ ጊዜ መጥቶ በማግስቱ ጠዋት የጠፋ ሕመም አይከለክልም። በማግስቱ ጠዋት ከትናንቱ ብሶ የሚያነክስ ከሆነ፣ ወይም እብጠቱ በሜትር ሲለካ ጨምሮ ከተገኘ፣ ልምምዱ ወደ ቀድሞው ደረጃ ይመለሳል። አንድ ቦታ ላይ በጣት የሚመላከት፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚወጋ የአጥንት ሕመም ግን የተለየ ነው፤ ለእርሱ ሐኪም እንጂ ትዕግሥት አይበቃውም። ባት ድንገት አብጦ ሲሞቅና ሲያም፣ በተለይ ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተከተለ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስሉ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣም እንዲሁ ነው።

ከሩጫ ቀጥሎ ዝላይ ይመጣል። በአንድ እግር ቆሞ ወደ ፊት አንድ ጊዜ መዝለልና በዚያው እግር ሳይንገዳገዱ ማረፍ፤ ርቀቱን መለካት፤ በሌላው እግር መድገም። በስፖርት ሕክምና የተለመደው ልክ፣ የተጎዳው እግር ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ ማምጣት አለበት የሚል ነው፤ ጤነኛው 150 ሴንቲ ሜትር ከዘለለ የተጎዳው 135 ማለት ነው። ይህ ልክ አንድ ወጥመድ አለው፦ ለወራት የተቀመጠ ሰው ጤነኛው እግሩም ደክሟል፣ ስለዚህ የሁለት ደካማ እግሮች መመሳሰል ብርታት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። በዚህ ምክንያት በአገግሞቱ ሁሉ ጤነኛውን እግር፣ ወገብንና ትንፋሽን ሥራ አለማስፈታት ያስፈልጋል፤ በጄሶ ወቅትም ቢሆን ተቀምጦ ክንድን፣ ሆድንና ጭንን ማሠራት ይቻላል።

ኳስ ተጫዋች ከሯጭ ይልቅ ብዙ ይጠየቃል። ሯጩ መንገዱን ይመርጣል፤ ተጫዋቹ ግን ሌላ ሰው በወሰነለት ቅጽበት ይታጠፋል፣ ይገፋል፣ ይረገጣል። ስለዚህ የሚመለሰው በደረጃ ነው፦ አስቀድሞ በምልክት መካከል እየተጠማዘዘ ብቻውን፣ ከዚያ ከቡድኑ ጋር ያለ ንክኪ፣ ከዚያ በንክኪ ልምምድ፣ በመጨረሻ ለጥቂት ደቂቃ ተቀይሮ በመግባት። ንክኪ ላለበት ስፖርት ከአራት እስከ ስድስት ወር የተለመደ ጊዜ ነው፣ ከዚያም መርዘሙ እንግዳ አይደለም። የገና ጨዋታን ደግሞ ከእግር ኳስ ባልተናነሰ ጥንቃቄ ማየት ይገባል፤ ዱላ በቁርጭምጭሚት ቁመት የሚወነጨፍበት ጨዋታ ለአዲስ አጥንት የመጀመሪያ ፈተና ሊሆን አይገባውም። በማሰሪያ መጫወት ለመጀመሪያዎቹ ወራት ወለምታን ለመቀነስ ይረዳል፤ ያልበረታን እግር የሚያበረታ ግን አይደለም።

ፍርሃትም ከሰውነት ጋር ይቆጠራል። እግሩ ሁሉን ፈተና አልፎ ኳስ ሲመጣ የሚሸሽ ተጫዋች አለ፤ ራሱን እየጠበቀ በተዛባ አቋም ስለሚገባ ሌላ ቦታ ይጎዳል። መድኃኒቱ መገሠጽ አይደለም፤ የፈራውን እንቅስቃሴ ቀንሶ፣ ዝግ ባለ ፍጥነት፣ ደጋግሞ ማሠራት ነው። እኔ እንደማምነው ከፈሪው ይልቅ አሳሳቢው ፈጽሞ የማይፈራው ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ያየና የዚያን መለያ የመልበስ ሕልም ያለው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ የምልመላ ቀን በደረሰ ጊዜ ሕመሙን ለአሰልጣኙ አይናገርም። ስለዚህ አሰልጣኙ «አመመህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ተረከዙን ሃያ ጊዜ እንዲያነሣና በአንድ እግሩ እንዲዘል ቢጠይቀው እውነቱን ያገኛል።

የተቀሩት ነገሮች አጭር ናቸው። ፕሌትና ብሎን የማያስቸግሩ ከሆነ ዕድሜ ልክ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ጫማ ላይ እየታከኩ ስለሚያሙ ከወጡ ግን የብሎኑ ቀዳዳ እስኪደፈን አጥንቱ ለጥቂት ሳምንታት ደካማ ስለሚሆን ከንክኪ መራቅ ያስፈልጋል። ሲጋራ የአጥንትን መግጠም ያዘገያል። አጥንት የሚሠራው ከፕሮቲንና ከካልሲየም ነው፤ ጤፍ በካልሲየም ከብዙ እህሎች ይበልጣል፣ በጾም ወራትም ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር በአንድ ማዕድ ሳይሆን በቀኑ ውስጥ ተከፋፍለው ቢበሉ ይጠቅማሉ። ስብራቱ ከሁዳዴ ጋር የገጠመ ታካሚ ስለ ጾሙ ልክ ከሐኪሙም ከነፍስ አባቱም ጋር ቢመክር መልካም ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ሲመጣ፣ ቢቻል ሙሉ ዘጠና ደቂቃ ሳይሆን ሃያ ደቂቃ ይሁን፣ ተጫዋቹ ገና ሳይደክምም ይውጣ፤ የደከመ ባት ቁርጭምጭሚትን መጠበቅ ያቆማልና። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ ሦስት ነገር ይመልከት፦ ሜትሩ በጉብታዎቹ ዙሪያ ስንት እንደሚያነብ፣ ጉልበቱ ግድግዳውን ሲነካ አውራ ጣቱ ከግድግዳው በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚርቅ፣ የደጁንም ደረጃ የእጅ መደገፊያ ሳይዝ መውረድ መቻሉን። ሦስቱም ከጨዋታው በፊት እንደ ነበሩ ከሆኑ በሚቀጥለው ጊዜ ሰላሳ ደቂቃ ይጫወት፤ አንዱ ከጎደለ ታኬታውን ለሳምንት ይስቀለው።